ይድረስ ከመዳፌ ሥር ለምትኖሪው

ይድረስ ለውዷ ማውሴ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከትከሻዬ ሕመም በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የደብዳቤ ወጉ እንዲህ ስለሚል ጠየቅሁሽ እንጂ ጤናሽንስ ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ፤ የግራ ቁልፍሽ እንደገና መንተባተብ ጀምሯል።

"አንቺ" ማለቴም ቅር አይበልሽ። አማርኛችን ትንሽ የሆነውንና የሚወደውን ነገር በእንስት ነው የሚጠራው፤ ኩባያዋ፣ ብዕሯ፣ ጎጆዋ እንደምንለው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የጠረጴዛዬ የታችኛው መሳቢያ ነው። ባለፈው እሑድ ላጸዳው ስከፍተው ከድሮ ፍላሾችና ከተበጣጠሱ ቻርጀሮች ሥር፣ አብዛኞቹ በጅራታቸው እርስ በርስ የተተበተቡ ሰባት የሞቱ ማውሶች ወጡ። አንድ በአንድ ለየኋቸው። ይህቺ በሰባት ቀለም የምታበራዋ ናት፤ አራት ወር አልሞላትም። ይህቺ ገመድ አልባዋ ናት፤ እሷ እንኳ ነፍስ ሳይኖራት አይቀርም፣ የጠፋው ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካው ጥፍር የምታህለው ቁራጭ ነው። ይህቺ ደግሞ ከውጭ የመጣ ዘመድ "ለሥራህ ትሆናለች" ብሎ ያመጣልኝ፣ ዐሥራ ሁለት ቁልፍ ያላት፤ ስምንቱ ምን እንደሚሠሩ ሳላውቅ ነው የተለያየነው። ሁሉም እጄ የገቡት ካንቺ በኋላ ነው። ሁሉም የመጡት አንቺን ሊተኩ ነው። መሳቢያው ውስጥ ያጣሁት አንቺን ብቻ ነው። አንቺ ከላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሥራ ላይ ነበርሽ።

የተዋወቅነው 2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ መርካቶ ነው። የመጽሐፍና የመጽሔት ሌይአውት መሥራት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ብቻዬን ብሄድ ኖሮ የምመርጣት ሌላዋን ነበር፤ ጎንና ጎኗ ሰማያዊ መብራት ያላትን። ደግነቱ የሙያ አባቴ፣ ጋሼ፣ አብረውኝ ነበሩ። ጋሼ ሥራውን የጀመሩት በእርሳስ ፊደል ዘመን፣ ፊደል ለቃሚ ሆነው ነው። ሰው ዕቃ ሲመርጥ ሣጥኑን ያነባል፤ እሳቸው ሣጥኑን ለሻጩ መለሱና አንቺን ብቻ ያዙ።

መጀመሪያ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው፣ የተገዛ እንቁላል እንደሚፈተሽ፣ ወዘወዙሽ። ውስጥሽ የሚንኳኳ ነገር አልነበረም። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የግራ ቁልፍሽን ከጫፉ፣ ከመሐሉ፣ በመጨረሻም ወደ መዳፍ ከሚጠጋው በኩል ተጫኑት። መጥፎ ማውስ ጫፏ ላይ ብቻ ትታዘዛለች፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ ትደድራለች፣ ድምፅዋም ይታፈናል። የቀኙን ድምፅ ከግራው ጋር አስተያዩ። ጎማሽን በአመልካች ጣታቸው ቀስ አድርገው አንድ ጥርስ፣ ሁለት ጥርስ፣ ሦስት ጥርስ አዞሩና ወደ ኋላ መለሱት፤ ሁለት ጥርስ መሐል ላይ ሲቆም የሚዋልል ጎማ ገጹን ወደ ላይ ስትፈልጊው ወደ ታች የሚወስድ ነው። ገልብጠው እግሮችሽን በአውራ ጣታቸው አሹ። እነዚያ ለስላሳ ንጣፎች ቴፍሎን ይባላሉ፣ ያው ምጣድ እንዳያጣብቅ የሚቀቡት ነገር ነው። በመጨረሻ ገመድሽን ከአንገቱ ላይ፣ ከሰውነትሽ ከሚወጣበት፣ ወዲያና ወዲህ አጠፉት። "ገመድ የሚሞተው አንገቱ ላይ ነው" አሉኝ።

ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ። "ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው እኮ!"

"ኦሪጅናል ከሆነች ምን አስፈራህ? እስቲ ሰካት።"

ሰካሽ። ጋሼ ፔይንት ከፈቱና ከማያው አንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር በጣም ቀስ ብለው አንድ አግድም መስመር አሰመሩ። መስመሩ እንደ ጋሼ እጅ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ልቤ ወደቀ። ከዚያ ያችን ባለ ሰማያዊ መብራቷን አሰክተው ያንኑ አሰመሩ፤ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ። "እቺ ናት!" አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የሰው እጅ ቀጥ አይልም። ቀጥ አድርጋ ካሰመረችልህ እየዋሸችህ ነው። ነገ ሁለት ፊደል መሐል ገብተህ የፀጉር ያህል መግፋት ስትፈልግ፣ አንተን ትታ የራሷን መስመር ትከተላለች።"

በኋላ ሳነብ ነው እውነትነቱን ያወቅሁት። አንዳንድ ማውሶች ውስጥ የእጅን መዛባት እየገመቱ የሚያቃኑ ሴንሰሮች አሉ፤ ለሚቸኩል ሰው ያምራሉ፣ በጠባብ ቦታ ለሚሠራ ሰው ጠላት ናቸው። ያን ዕለት ግን ጋሼን አክብሬ እንጂ አምኜ አልነበረም ሦስት መቶ ብር ገደማ ከፍዬ የወሰድኩሽ። እስከ ታክሲው ድረስ ዓይኔ ሰማያዊዋ ላይ ነበር። ዛሬ ይህን ስነግርሽ አፍራለሁ።

ስለ ቁጥሮቹም ልንገርሽ፤ አንቺ ቁጥርሽን ጮክ ብለሽ ተናግረሽ አታውቂም። ካንቺ በኋላ የገዛኋቸው ሣጥኖች ላይ ከሁሉ ደምቆ የሚጻፈው ዲፒአይ ነው፤ 6,400፣ 12,000፣ ከዚያም በላይ። ቁጥሩ የሚናገረው ማውሷ አንድ ኢንች ስትሄድ ለኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ "ተንቀሳቀስኩ" እንደምትለው ነው። አንቺ 1,000 ነሽ። የእኔ ማያ ወርዱ 1,920 ፒክስል ነው፤ ስለዚህ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስገፋሽ ጠቋሚው ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። በ12,000 ቢሆን ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች በሆነ እንቅስቃሴ ማያውን ጨርሶ ይወጣል። ቡና የጠጣ እጅ ይህን ምን ያደርገዋል? ብዙ ማያ ደርድሮ ለሚሠራ ወይም ለጨዋታ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ "መ" እና "ሠ" መሐል ያለውን ክፍተት ለሚያስተካክል ሰው ግን ነዳጅ መስጫ ብቻ እንዳለው መኪና ነው። ሌላው ቁጥር በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት እንደምታደርጊ ነው። ያንቺ 125 ነው፤ በየስምንት ሚሊሰከንዱ ማለት ነው። አንድ ሺህ የሚሉም አሉ። ተኩስ ጨዋታ የሚጫወት የአክስቴ ልጅ ልዩነቱን አውቀዋለሁ ይላል፣ አምነዋለሁም። እኔ ግን አንድም ቀን በስምንት ሚሊሰከንድ ሥራ አርፍጄ አላውቅም።

አንዱን ቁጥር ግን አከብረዋለሁ፤ የጠቅታውን። በደኅና ማውስ ላይ ዐሥር ሚሊዮን ጠቅታ የሚል ይጻፋል። ብዙ ይመስላል። እኔ በቀን አምስት ሺህ ጊዜ ብጫን፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ብሠራ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ነው፤ ስድስት ዓመት ተኩል ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። ይህን ስሌት አስታውሺልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስለ ዘር ማንዘርሽ ያነበብኩትም አንቺን የበለጠ እንድወድ አድርጎኛል። የመጀመሪያዋ ቅድመ አያትሽ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ፣ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት፣ የእጅ ሥራው የቢል ኢንግሊሽ። ከእንጨት የተጠረበች ሣጥን ነበረች፤ ከሥሯ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊት የሚዞሩ ሁለት ጎማዎች፣ ከላይዋ አንዲት ቁልፍ። ታኅሣሥ ወር፣ እ.ኤ.አ. 1968፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኤንግልባርት አንድ ሺህ ገደማ ባለሙያ ፊት ተቀምጦ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲያሳያት ዓለም አየሽ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያወራዋል።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። እነዚያ ሰዎች ማውሷን የሠሩት ራሳቸው ሆነው ሳለ "የእኛ ናትና ትበልጣለች" አላሉም፤ አወዳደሯት። ማያው ላይ የሚነካ የብርሃን እስክሪብቶ ነበር፣ ጆይስቲክ ነበር፣ ከጠረጴዛ ሥር በጉልበት እየተገፋ የሚሠራ መሣሪያ ሳይቀር ነበር። ተፈታኙ እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ መሣሪያውን ይይዛል፣ ማያው ላይ ያለውን ዒላማ ይፈልጋል፣ ይመርጣል፤ እነሱ ጊዜውንና ስሕተቱን ይቆጥራሉ። ጀማሪዎች በብርሃን እስክሪብቶውና በጉልበቱ መሣሪያ ደኅና ሠርተው ነበር። እጃቸው የለመደው ግን በማውስ ፈጠኑ፣ ስሕተታቸውም አነሰ። ጋሼ መርካቶ ውስጥ ያደረጉብሽ ፈተና ከአያቶችሽ የመጣ መሆኑን ሳውቅ ሳቅሁ።

ሌላም ፈተና ተደርጎብሻል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቱዋርት ካርድና ጓደኞቹ (ያው ቢል ኢንግሊሽ አንዱ ነው) ዜሮክስ ኩባንያ ውስጥ ማውስን ከጆይስቲክና ከቀስት ቁልፎች ጋር አስተያዩ። ያገኙት፣ በማውስ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ የሰው እጅና ዓይን ራሱ ከሚፈጀው ጊዜ ብዙም እንደማይርቅ ነው። አስቢው! መዘግየቱ ያንቺ አይደለም፣ የእኔ ነው። መሣሪያው ከመሐል ወጥቶ ሰውየው ብቻ ይቀራል። ጋሼ "አትዋሽህ" ያሉትን እነሱ በሰዓት ለክተው አገኙት።

ኤንግልባርት ካንቺ ዘር የሽያጭ ድርሻ አላገኘም። የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋሙ በኩል ነበር፤ ተቋሙም ፈቃዱን ለአፕል በአርባ ሺህ ዶላር ገደማ እንደሰጠ ኤንግልባርት ራሱ ይናገር ነበር። ስምሽን ማን እንዳወጣውም አላስታወሱም፤ ጅራቷን አይቶ አንዱ "ማውስ" አለ፣ ጸና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈረንሳዮች በቋንቋቸው አይጥ ብለው ሲጠሩሽ "ሱሪ" ይሉሻል፣ የእኛው ሱሪ አይደለም። ጀርመኖች እንደኛው "ማውስ" ይላሉ፣ ለእነሱ ግን ጎተራ የምትቦረቡረዋም ማውስ ናት። ዐረቦችም በአይጥ ተርጉመውሻል። እኛ ግን አይጧን ለድመት ትተን ስምሽን እንዳለ ወሰድነው። ጥሩ አደረግን እላለሁ። "አይጤ ጠፋችብኝ" ብዬ ቢሮ ውስጥ ብጮህ የሚሆነውን አስቢው።

ተማሪ ሳለሁ የተገናኘኋቸው አክስቶችሽ ሆዳቸው ውስጥ በጎማ የተለበጠ ኳስ ነበራቸው። የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ጠቋሚው ወደ ላይ እየሄደ ወደ ጎን እምቢ ሲል ሆዳቸውን ከፍተን፣ ኳሱን አውጥተን፣ ትንንሾቹ ዘንጎች ላይ የተጠቀለለውን እድፍ በጥፍር እንቧጥጥ ነበር። ክፍሉ ሃያ ማውስ ነበረው፣ ኳስ የነበራቸው ስድስቱ ነበሩ። የቀሩትን ኳሶች ማን እንደወሰዳቸው አልናገርም፤ የሰፈራችን ልጆች ግን ያን ዓመት ጥሩ የሚንከባለል ኳስ ነበራቸው። አንቺ ኳስ የለሽም። ሆድሽ ውስጥ ቀይ መብራትና ምስር የምታህል ካሜራ አለች፤ ከሥርሽ ያለውን ወለል በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ ታነሣና አንዱን ከቀጣዩ ጋር እያስተያየች የት እንደሄድሽ ታውቃለች። የወረቀቱ ቃጫ፣ የእንጨቱ ጅማት፣ የጨርቁ ድርና ማግ፣ እኛ ለስላሳ የምንለው ሁሉ ለሷ ተራራና ሸለቆ ነው።

በዚሁ ምክንያት አንድ ጊዜ በድለንሻል። እሠራበት የነበረ ቢሮ ታድሶ የመስተዋት ጠረጴዛ ገባ። ጠዋት ሁሉም "ማውሴ ተበላሽታለች" አለ። አንቺም ዘለልሽ፣ ቆምሽ፣ ጥግ ላይ ተንቀጠቀጥሽ። እኔም ከነቂሎቹ ጋር ሆኜ ጠረጴዛው ላይ መታሁሽ፣ ሁለት ጊዜ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚያ ግን ዳዋ በበላ አይጥ ተመታ። መስተዋት ተራራም ሸለቆም የለውም፤ ካሜራሽ የምታስተያየው ነገር አጥታ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች ያለፈ ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ገልብጣ ከሥርሽ ያነጠፈችልኝ። ወዲያው ዳንሽ። ስለዚያች ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁሽም ነበር፤ ይኸው ጠየቅሁሽ።

እውነተኛ ሕመምሽ የመጣው 2015 ዓ.ም. ነው። አንድ የሠርግ መጥሪያ እየሠራሁ የሙሽራውን ፎቶ ይዤ ስጎትት መንገድ ላይ ትጥይው ጀመርሽ። አንድ ጊዜ ስጫን ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ፋይል ልመርጥ ስል ይከፈታል። መጀመሪያ በእጄ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በኮምፒውተሩ፤ ስሕተት አይቼብሽ ስለማላውቅ ወዳንቺ የመጣሁት በመጨረሻ ነው። ስሌቱን አስታወስሽ? ስድስት ዓመት ተኩል ብዬሽ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሊሆንሽ ነበር።

ወሰድኩሽ ወደ አንድ ሞባይል ጠጋኝ፣ የአልጋ ስፋት በሌላት ኪዮስክ ውስጥ ወደሚሠራ ልጅ። "ከዚህስ አዲስ ግዛ" እንደሚለኝ ጠብቄ ነበር። አላለም። ሆድሽን ከፍቶ ከግራ ቁልፍሽ ሥር ያለችውን፣ ከሽንብራ እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን አሳየኝ። ውስጧ ቀጭን የመዳብ ምላስ አለች፤ ስትጫን ወርዳ ትነካለች፣ ስትለቀቅ ትዘላለች። ሚሊዮን ጊዜ ስትታጠፍ ጉልበቷ ይላላል፣ የምትነካበትም ቦታ ይዝጋል፤ ያን ጊዜ አንዴ ነክታ ጸጥ በማለት ፋንታ ደጋግማ ትነጥራለች፣ ኮምፒውተሩም ሁለቴ ይቆጥራል። ልጁ ቀና ብሎ፦

"የቀኙንስ በቀን ስንት ጊዜ ትጫነዋለህ?"

"እንጃ... መቶ ብል ነው።"

"በቃ፣ ያልደከመው እሱ ነው" አለና መበየጃውን አሞቀ። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጎረቤት ኪዮስክ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጤነኛ ነበርሽ። ካንቺ በኋላ ከመጡት ሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ እንዲህ ሊድኑ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ያለ ብሎን በማጣበቂያ የተደፈኑ ናቸው፣ ሲከፈቱ ይሰበራሉ። የማውስን ጥራት ስጠየቅ ዛሬ ከጋሼ ፈተና ላይ አንድ የምጨምረው ይህንን ነው፦ ትከፈታለች ወይ?

እንከን የለሽም አልልሽም፤ የምስጋና ደብዳቤ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ጎማሽ በክረምት ይጮኻል። ገመድሽ የቡና ስኒዬን ሁለት ጊዜ ገልብጧል፣ አንደኛው ያልታረመ ፕሩፍ ላይ። ጀርባሽ ለረጅም ጣት ዝቅ ያለ ነው፣ የትከሻዬ ነገርም ያንቺ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። ግን መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ስሠራ ያ ገመድሽ ክብሩ ይታየኛል፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ አላስፈለገኝም። ግራኝ ታናሽ እኅቴ ቤት በመጣች ቁጥር የምትሠራው ባንቺ ነው፤ ግራና ቀኝሽ እኩል ስለሆነ ወደ ጠረጴዛው ሌላኛው ጎን ታዞርሻለች፣ ቁልፎቹን በሴቲንግ ታቀያይራለች፣ አለቀ። ያቺ ዐሥራ ሁለት ቁልፍ ያላት ለቀኝ አውራ ጣት ተቀርጻ የተሠራች ናት፤ እኅቴ እጇን ልታስቀምጥባት ሞክራ "ይቺ እኔን አታውቀኝም" ብላ ገፋቻት።

የማመሰግንሽ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ በአንድ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የሙት ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ስሠራ የአንድ ሟች አባት ስም ከሌላ ሰው ፎቶ ሥር ገባ። ቤተሰቡ ሳይታተም አየው፣ ተረፍን። አለቃዬ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው "ማውሷ ሸሽታብኝ ነው" የሚል ነበር። ቀና ብዬ አየሁሽ። አልሸሸሽም። ያስቀመጥኩት ቦታ አስቀመጥሽው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያደረግሽልኝ ይኸው ነው፤ ስሕተቴን ለእኔ ተውሽልኝ። አላቃናሽልኝም፣ አልጨመርሽብኝም። ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት፣ አንድ ሰዓት ተቆጣኝ።

አሁን ወደ ጤናሽ። የግራው እንደገና መንተባተቡን ከላይ ነግሬሻለሁ። ያ ከቀኝ የመጣው ነው፣ ስለዚህ ከዚህ ወዲያ የሚዛወር የለም። ልጁ ኪዮስኩን ለቅቆ ሄዷል። ሆኖም ሁለት አዳዲስ ቁልፎች በትንሽ ላስቲክ ገዝቼ መጥቻለሁ፣ መበየጃም ተውሻለሁ፣ ካቻቢቴው አለኝ። ብሎኖችሽ ከኋላ እግሮችሽ ሥር ተደብቀው እንደሚገኙ ስላወቅሁ እነዚያን ንጣፎች በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ቀስ ብዬ ነው የማነሣቸው። በሕይወቴ በይጄ አላውቅም። ለመለማመጃ ከመሳቢያው ባለ ሰባት ቀለሟን አውጥቻታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ በሚንተባተበው ግራሽ እየሠራሁ እቆያለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የመዳፉ ባለቤት